የሦስተኛው ማሽን አደራ

ጭሮ ላይ ኮምፒውተር ቤት ከከፈትኩ አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከፍርድ ቤቱ ወረድ ብሎ፣ አስፋልቱ ዳር ያለ፣ አራት ማሽን የሚይዝ ቤት ነው። አቤቱታ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፣ የፓስፖርት ማመልከቻ እሞላለሁ፣ የፈተና ውጤት እከፍታለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ነገር ተምሬያለሁ፤ ሰው ሳያነብ እሺ ይላል። ፊደል ያልቆጠረ ሳያነብ እሺ ቢል አይፈረድበትም። ዲግሪውን በመስታወት አስገጥሞ ግድግዳ ላይ የሰቀለውም ግን ያው ነው፤ እኔን የሚያሳርረኝ እሱ ነው።

ድረ-ገጽ ሲከፈት ከግርጌ ብቅ የምትል ሣጥን አለች። ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። «ግላዊነትዎን እናከብራለን» ትላለች በመጀመሪያ፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ቀጥላ «ኩኪዎችን እንጠቀማለን» ትላለች። «ሁሉንም ተቀበል» የሚለው ቁልፍ ሰማያዊ ተቀብቶ፣ ሰፍቶ፣ መሃል ላይ ጉብ ብሏል። «አልቀበልም» የሚለው ግን ወይ ጭራሽ የለም፣ ወይ በግራጫ ቀለም ከሌላ ገጽ ኋላ ተሸጉጧል። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ጓዳዬን ሊፈትሽ የመጣ ሰው በር ላይ ቆሞ ስለ አክብሮቱ ሲለፍፍ እኔ መቼም አላምነውም።

አንድ ጠበቃ ደንበኛ አለኝ። ውል ሲያረቅ በአንዲት ቃል ላይ ግማሽ ቀን ይቆያል፤ «ይሄ ለትርጉም የተጋለጠ ነው» እያለ ሦስት ጊዜ ያስጽፈኛል። ያቺን ሰማያዊ ቁልፍ ግን ፊቱ ላይ ያረፈች ዝንብ እንደሚያባርር ሰው ጠቅ ያደርጋታል። አንድ ቀን «ምን ላይ እንደተስማማህ ታውቃለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ዞር ትበልልኝ ብዬ ነው» አለኝ። ሕግ የተማረ ሰው! ደንበኞቹን ሳስባቸው አንጀቴን ይበሉታል።

ይህን የምጽፈው ግን በሰው ላይ ለመሣቅ ብቻ አይደለም። ከእነሱ እሻላለሁ ስል፣ በዚሁ ኩኪ በሚሉት ነገር ሰበብ፣ አንዲትን እናት ዐረብ አገር ካለች ልጃቸው ጋር ስላቆራረጥኩ ነው።

ሁሉም የተጀመረው በኀፍረት ነው። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ደብዳቤ ሊያስጽፉና የድምፅ ማጉያ ዋጋ ሊያዩ መጡ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ በመንገድ ሲያልፉ እናቴ ከመቀመጫዋ ብድግ የምትልላቸው። ሦስተኛው ማሽን ላይ አስቀመጥኳቸውና ድምፅ ማጉያ የሚሸጥ ገጽ ከፈትኩላቸው። ጥቂት ቆይተው መነጽራቸውን አወለቁ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። ከዚያ ጠሩኝ። ከማጉያው ግራና ቀኝ የሴት የውስጥ ልብስ ተደርድሯል። ቀዩ፣ ጥቁሩ፣ ስሱ፣ ሁሉም አለ።

«አንቺ ልጅ፣ እዚህ ቤት ምንድን ነው የሚታየው?» አሉኝ።

«አባቴ፣ ማስታወቂያ ነው። እኔ አይደለሁም ያመጣሁት።»

«ታዲያ እኔ ነኝ ያመጣሁት?»

ከጎናቸው የተቀመጡ ሁለት የኮሌጅ ተማሪዎች ሣቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ጸሐፊው ደብዳቤውን ሳያስጨርሱ ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ። ሁለት ቀን ሳይሞላ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰው። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ «ምን ዓይነት ቤት ነው የከፈትሽው?» አለችኝ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እያለች ቀኑን ሙሉ አኮረፈችኝ። ለካ ቅዳሜ ዕለት አንዲት ሙሽራ ከሚዜዎቿ ጋር መጥታ፣ እዚያው ማሽን ላይ ለጫጉላዋ የሚሆን ልብስ ስትመርጥ ነው የዋለችው። እሷ ሄዳ ተሞሸረች፤ ልብሱ ጸሐፊውን ጠብቆ ቀረ።

ንዴት ጥሩ አስተማሪ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት፣ ስለ ኩኪ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ነገሩ ረቂቅ አይደለም። አንድ ድረ-ገጽ ስትገባ ብሮውዘርህ ውስጥ አጭር ማስታወሻ ያስቀምጣል፤ ኩኪ የሚባለው እሱ ነው። ስትመለስ ማስታወሻውን ያነብና «ያ ሰውዬ መጣ» ይላል። የመረጥከውን ቋንቋ፣ ልትገዛ ያሰብከውን ዕቃ፣ ስምህንና ፓስወርድህን አስገብተህ የገባህ መሆንህን የሚያስታውሰው በዚህ ነው። አንዳንዱ ኩኪ ብሮውዘሩን ስትዘጋ ይጠፋል፤ ሌላው ወራት፣ ዓመትም ይቆያል። እስከዚህ ድረስ ነውር የለበትም። ባለሱቅም ደንበኛውን ያውቃል።

ነውሩ ያለው ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚለው ላይ ነው። የምታነበው ገጽ የአንዱ ሆኖ፣ ዳር ላይ ያለው ማስታወቂያ የሌላ ድርጅት ነው። ያ ሌላው ድርጅትም የራሱን ኩኪ ያስቀምጣል፤ በብዙ ገጾች ላይ ማስታወቂያ ስላለውም በደረስክበት ሁሉ ያውቅሃል። ጭሮ ገበያ የጫማ ዋጋ ጠይቀህ ሳትገዛ ሄድክ እንበል። ቦርደዴ ወርደህ ሻይ ስታዝ፣ አይተኸው የማታውቅ ሰው ጠጋ ብሎ «ያ ቡናማው ጫማስ? በልክህ አለ እኮ» ቢልህ ምን ትላለህ? እኔ ብሆን ፖሊስ እጠራለሁ። በኮምፒውተር ሲመጣብን ግን «አይ ቴክኖሎጂ!» ብለን እናደንቃለን።

የሚያስቀው ደግሞ ይህ ሁሉ ክትትል ሰው አለማወቁ ነው። የሚያውቀው ብሮውዘሩን ብቻ ነው። አራት ሰው በየተራ ቢቀመጥበት አራቱንም እንደ አንድ ሰው ይቆጥራቸዋል። ዓለም የሚያደንቀው ጥበብ ሙሽራንና የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊን መለየት አቅቶት እኔን አዋረደኝ።

መከላከያውንም ተማርኩ። ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ የሦስተኛ ወገን ኩኪ የሚለውን ትከለክላለህ። ማሽኑ የብዙ ሰው ከሆነ ለደንበኛው የግል መስኮት ትከፍትለታለህ፤ ሲዘጋው ማስታወሻው አብሮት ይጠፋል። ያቺ ሣጥን ስትመጣም ግራጫውን ቁልፍ ከተሸጎጠበት አውጥተህ፣ ከአስፈላጊው በቀር አልፈልግም ትላለህ። እስከ ዛሬ የተጠራቀመውን ደግሞ የእያንዳንዱን ገጽ ለይተህ ማጥፋት ትችላለህ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጥረግም ይቻላል።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ሰው አልቻለኝም። ፎቶ ኮፒ ሊያነሣ የመጣውን ሁሉ ይዤ ስለ ኩኪ እሰብክ ጀመር። ለጫት ነጋዴው ነገርኩት፣ ለመምህሩ ነገርኩት፣ የልደት ካርድ ልታስሞላ ልጇን አዝላ ለመጣች ሴት ሳይቀር ነገርኳት። «ሳታነቡ አትቀበሉ» ብዬ በትልቁ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ያነበበው ሰው የለም። እኔም ይኸው ናችሁ፣ ማንበብ የማትወዱ፣ እያልኩ በሆዴ ሁሉንም ናቅኋቸው።

አሁን ወደ አደራው ልምጣ። በእኛ አገር ሱቅ መሸጫ ብቻ አይደለም። ከመሰላም ሆነ ከሌላው ወረዳ የሚመጣ ገበያተኛ ጆንያውን፣ ጃንጥላውን፣ ሐኪም ቤት ያመጣውን በሽተኛ ዘመዱን ሳይቀር «አደራ» ብሎ ባለሱቅ ዘንድ ትቶ ይሄዳል። አባቴ ከጉራጌ መጥቶ እዚህ ጨርቅ ሲነግድ፣ ከባንኮኒው ሥር ከራሱ ዕቃ የሰው ዕቃ ይበዛ ነበር። ኮምፒውተር ቤት ሲመጣ ይኸው ልማድ አብሮ ገባ። ሰው አካውንቱን ከፍቶ ይጠቀምና «እህቴ፣ አትዝጊው፤ እመለሳለሁ» ብሎ ይሄዳል። ፓስወርድ የሚባለውን ማን ያስታውሳል? የእኔ ማሽን ያስታውስለታል፤ እኔም እጠብቅለታለሁ። ይህን ሌላ ቦታ ብናገር እብድ ይሉናል። እኔም እስቅባቸው ነበር፤ ግን አልዘጋም።

ከሁሉም የሚከብደው አደራ የአንዲት የመሰላ ልጅ ነበር። ለቤት ሠራተኝነት ዐረብ አገር ልትሄድ ሳምንት ሲቀራት መጥታ፣ ሦስተኛው ማሽን ላይ ለእናቷ አካውንት ከፈተችላቸው። እናቷ ማንበብ አይችሉም፤ የያዙትም ኢንተርኔት የማይከፍት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። እሷ በምትሄድበት ቤት ሲም ካርድ እንደማይፈቀድና በዋይፋይ ብቻ መጻፍ እንደምትችል ከቀደሟት ሰምታለች። «እህቴ፣ እንዳትዘጊው። እማ በገበያ ቀን ትመጣለች። እኔ የምጽፈውን አንብቢላት፣ እሷ የምትለውን ጻፊልኝ» አለችኝ። ፓስወርዱን ወረቀት ላይ አስቀምጪልኝ ስላት ሣቀች። «ካልዘጋሽው ምን ያደርግልሻል?» አለች። እኔም ጨቅጭቄ አላስጻፍኳትም።

ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ እንዲሁ ኖርን። እናትየው በየገበያው ቀን ሽንኩርታቸውን ሸጠው ይመጣሉ። ማሽኑ ፊት ሲቀመጡ ልጃቸው ውስጡ ያለች ይመስል «አሰላሙ አለይኩም» ይሉታል። ልጅቷ የምትጽፈው በኦሮምኛ ነው፤ ጭሮ ተወልዶ ኦሮምኛ የማያነብ የለምና አነብላቸዋለሁ። የእሳቸውንም መልስ እጽፋለሁ። ላሟ ወለደች፣ እገሌ አገባ፣ ዝናቡ ዘገየ፣ አንቺስ ምሳ በልተሻል ወይ። እውነቱን ለመናገር የሳምንቱ ሥራዬ ሁሉ ሰልችቶኝ ይህን ብቻ የምወድበት ጊዜ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን የጠበቃቸው መልእክት አጭር ሆነ። «እማ፣ ኮንትራቴ ሊያልቅ ነው። ሰዎቹ ሁለት ዓመት ጨምሪ እያሉኝ ነው። ልጨምር ወይስ ልምጣ? ረመዳን ሳይገባ መልሱን ንገሪን ብለውኛል። አንቺ ያልሽውን አደርጋለሁ።»

ሻሻቸውን አስተካከሉ። ረመዳን ሊገባ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው።

«ወንድሜን ሳላማክር ቃል አልሰጥም» አሉኝ። «አባቷ ከሞተ ወዲህ የአባቷን ቦታ የያዘው እሱ ነው። ለሚመጣው ገበያ መልሱን ይዤልሽ እመጣለሁ። እንደዚያ ብለሽ ጻፊላት።»

ጻፍኩ። ልጅቷ ወዲያው «ቶሌ» ብላ መለሰች፤ እሺ ማለቷ ነው። ስልኩን ይዛ ስትጠብቅ ነበር ማለት ነው።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ እናቴ ደጅ ጠንታ፣ አማላጅ ልካ፣ የሰበካው ጸሐፊ ሰኞ ዕለት ተመልሰው እንዲመጡ አግባባችልኝ። የሦስት ሰው ሽምግልና ነበር፤ ለውስጥ ልብስ ማስታወቂያ! ሰኞ ጠዋት ቤቱን ጠርጌ፣ መስታወቱን ወልውዬ ስጨርስ ሦስተኛው ማሽን ላይ ተቀመጥኩ። የዚያን የልብስ ሻጭ ኩኪ ብቻ ለይቼ ማጥፋት እችል ነበር፤ ስንት ሰው አስተምሬበት የለ። ግን ንቀት ሲበዛ ሰው ችኩል ይሆናል። ይሄን ሁሉ ቆሻሻ አንድ በአንድ ስለቅም ልውል ነው እንዴ፣ ብዬ ሁሉንም ማጥፊያውን ከፈትኩ። ኩኪዎች በሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ አልኩ፣ ቁልፉን ተጫንኩት።

ከምልክቱ ሥር በትናንሽ ፊደል የተጻፈ ነገር ነበር። ከገቡባቸው ድረ-ገጾች ያስወጣዎታል ይላል። አላነበብኩትም። ሰው ሳያነብ እሺ ይላል እያልኩ የምሣለቅ ሴት፣ ሳላነብ እሺ አልኩ። ባነበውም አዲስ ነገር አልነበረም፤ ኩኪው ሲጠፋ ማሽኑ ማንን እንደሚያውቅ ሁሉ እንደሚረሳ ለጫት ነጋዴው ሳይቀር አስረድቻለሁ። ያን ጠዋት ግን ዓይኔ ላይ የነበረው የጸሐፊው መነጽር ብቻ ነው።

ጸሐፊው መጡ። ከድምፅ ማጉያው ጎን የመኪና ጎማ ማስታወቂያ ወጣ። «አሁን ቤት ሆነ» አሉኝና ደብዳቤያቸውን አስጨርሰው፣ መርቀውኝ ሄዱ። ለእናቴ ደውዬ አበሠርኳት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም፤ ማፍሰሴንም ገና አላወቅሁም።

በገበያው ቀን እናትየው ገና ከበሩ ሳይገቡ መናገር ጀመሩ።

«ወንድሜም እኔም አንድ ሆነናል። ኮቱ በያት። ነይ በያት። ሌላ ቃል የለኝም። ብሩ ይቅር፤ ልጄን በዓይኔ ልያት።»

እየሣቁ ተቀመጡ። ገጹን ስከፍተው ሁለት ባዶ ሣጥን ወጣ፤ አንዱ ስም ይላል፣ አንዱ ፓስወርድ። ዘግቼ እንደገና ከፈትኩት፤ ያው ነው።

«ምነው?» አሉኝ ፊቴን አይተው።

«ኔትወርክ የለም፣ እማማ።»

ጭሮ ውስጥ ኔትወርክ የለም ብሎ የተጠረጠረ ሰው የለም። «ኤዬ፣ እንግዲያው ሲመጣ ጻፊላት። አንዲት ቃል ናት፤ አትጠፋሽም» ብለው ሊሳፈሩ ሄዱ። አንዲት ቃል ናት። እውነታቸውን ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያላንኳኳሁት በር የለም። ፓስወርድ ረስቻለሁ ስለው «ወደ ስልክዎ ኮድ ልከናል» ይላል፤ የተመዘገበው ቁጥር ልጅቷ ስትሄድ ጥላው የሄደችው ነው። ደወልኩበት፤ ሌላ ሰው አነሣው፣ ቁጥሩን ከገዛው ወር እንኳ አልሞላውም፣ ስለ ኮድ ስጠይቀው አጭበርባሪ ብሎ ሰድቦ ዘጋብኝ። መታወቂያ ላኪ ሲለኝ የእናትየው መታወቂያ አይሆንም፤ በአካውንቱ ላይ ያለው ልጅቷ በቁልምጫ ያወጣችላቸው ስም ነው። የሙሽራን የውስጥ ልብስ ይህን ያህል ጊዜ ያልረሳ ዓለም፣ በየሳምንቱ እየመጡ ሰላም የሚሉትን እናት አላውቃቸውም አለ። ለኩባንያው አቤቱታ ጻፍኩ። አቤቱታ መጻፍ ሥራዬ ነው፤ ለሰው ሲሆን ያምርልኛል። የመለሰልኝ ማሽን ነው፤ ስላነጋገሩን እናመሰግናለን አለኝ።

በመጨረሻ በራሴ አካውንት ልጅቷን ፈልጌ አገኘኋት፤ ከእናቷ ጋር ስትጻጻፍ ከስሟ ጎን የማየውን የአበባ ፎቶ አውቄው። ስሜም ፎቶዬም እሷ የምታውቀው አልነበረም፤ እዚያ ላይ የተመዘገብኩት በንግድ ቤቴ ነው። በችኮላ የጻፍኩላትን አስታውሰዋለሁ። «የእናትሽ አካውንት ተዘግቷል። አስቸኳይ ነው፤ ፓስወርዱን ላኪልኝ» አልኳት። አየችው። ወዲያው ዘጋችኝ፤ ከዚያ በኋላ ልጽፍላት ብሞክር አልሄድ አለኝ። እንዴት አትዝጋኝ? የሌባ ደብዳቤ ከዚህ የተለየ አይደለም። እንዲህ ዓይነት መልእክት ሲመጣ ቶሎ ዝጉ ብዬ ስንቱን አስተምሬያለሁ። የእኔን ትምህርት፣ ያውም ሳይሰማው፣ የሠራበት ብቸኛ ሰው እሷ ሳትሆን አትቀርም።

በሚቀጥለው ገበያ እናትየው ሲመጡ ውሸቱ አልወጣ አለኝ። ረመዳን ሳምንት ቀርቶታል። አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ኩኪ ምን እንደሆነ ማስረዳት ጀምሬ ነበር፤ ወሬዬ ለራሴም አስጠላኝና ተውኩት። «እኔ ነኝ የዘጋሁት፣ እማማ። ሳላስብ ነው። መልእክቱ አልሄደም» አልኳቸው።

ዞረው ማሽኑን አዩት።

«አደራ ነበር እኮ» አሉኝ።

ቢሰድቡኝ፣ ቢረግሙኝ በወደድኩ ነበር። ያ ጠበቃ ከጎን ሆኖ ሲሰማ ቆይቶ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ብሎ ጀመረ። እስኪጨርሰው አልጠበቅሁም፤ ወረቀቱን አስታቅፌ ከቤቴ አስወጣሁት።

የእናትየው ወንድም በሰማ ቀን ልጅቷን የላካትን ደላላ ፍለጋ ወረደ። ደላላው ስልኩን አጥፍቶ ከከተማው ከጠፋ ቆይቷል። ልጅቷ ያለችበትን ቤት አድራሻ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። እኔ በየቀኑ ያንን ሁለት ሣጥን እየከፈትኩ ፓስወርድ እገምታለሁ። የመሰላን ስም፣ የእናትየውን ስም፣ የላሟን ስም ሳይቀር ሞከርኩ። ጥቂት ከሞከርኩ በኋላ ብዙ ስለሞከሩ ቆይተው ይመለሱ ይለኛል። ረመዳን ገባ።

ዒድ ካለፈ በኋላ እናትየው አንዲት ወጣት ሴት አስከትለው መጡ። የመንደራቸው ልጅ ናት፤ ልጃቸው ካለችበት ከተማ በፈቃድ የመጣች፣ ገበያ ላይ የምታገኛትና በስልክም የምትጻጻፋት። ልጃቸው የላከችውን ድምፅ አስቀድማ ይዛ ነበር የመጣችው። ስልኳን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ከፈተችው።

«እማ፣ ምነው ዝም አልሽኝ? ረመዳን እስኪገባ በየቀኑ ጠበቅሁሽ። መልስ ስትከለክዪኝ፣ ብሩ አስፈልጓችሁ፣ ጨምሪ ለማለት አፍራችሁ ነው አልኩ። ፈረምኩ፣ እማ። ሁለት ዓመት። ተቆጥተሽኝ ነው?»

እናትየው ወደ ወጣቷ ዞሩ። «የፈረመችው አይፈርስም?»

«ፓስፖርቷ እነሱ ጋ ነው። ከፈረመች በኋላ አይለቋትም» አለች ወጣቷ ዝቅ ባለ ድምፅ።

በዚያችው ስልክ በኩል የድሮው አካውንት አልከፈት ማለቱን ብቻ ለልጅቷ ነግረን፣ ሦስተኛው ማሽን ላይ አዲስ አካውንት ከፈትን። ፓስወርዱን በሁለት ወረቀት ጻፍኩ፤ አንዱን እናትየው በሻሻቸው ጫፍ ቋጠሩት፣ ሌላውን መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት። ኩኪ ሳጠፋም ይህ ገጽ እንዳይነካ ለይቼ አስቀመጥኩት። ሦስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ያን ሰኞ ሦስት ደቂቃ አጥቼ ነው። ወጣቷም እናትየው የሚሳፈሩበትን ባጃጅ ልትጠራ ወጣች።

«እማማ፣ እኔ ልንገራት» አልኩ። «ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ልጻፍላት። እናትሽ ነይ ብለውሽ ነበር፤ እኔ ነኝ ያስቀረሁት፣ ልበላት። ትርገመኝ።»

እጄን ያዙኝ። የሽንኩርት ገበያ ያሻከረው መዳፋቸው ጠንካራ ነበር።

«ተይ። አንቺ ተናግረሽ ይቀልልሻል። እሷስ? ነይ ተብዬ ነበር እያለች ሁለት ዓመት እንዴት አድርጋ ትችለዋለች? ደግ አደረግሽ በያት። እኔም ጨምሪ ልልሽ ነበር በያት። መርቄሻለሁ በያት።»

የሰው ኑሮ ሲበላሽ የእኔ ሥራ መጻፍ ነው። እንዳሉኝ ጻፍኩ። «ደግ አደረግሽ ልጄ። እኔም ጨምሪ ልልሽ ነበር። መርቄሻለሁ።» ላክሁት። እናትየው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ልጅቷ መልስ ስትጽፍ ስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ትጽፋለች፣ ታቆማለች፣ እንደገና ትጽፋለች። ከዚያ መጣ።

«እሺ እማ። ነይ ትዪኛለሽ ብዬ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር።»

«ምን አለች?» አሉኝ።

«እሺ እማ፣ ብላለች» አልኳቸው።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»